በረኛ ፍለጋ

ከጊዮርጊስ አደባባይ ቁልቁል ወደ መርካቶ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አትክልት ተራ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ጓዳ ሲመግብ ኖሯል። ሌሊቱን የገቡ አይሱዙዎች ሽንኩርትና ቲማቲማቸውን ያራግፉ ነበር፤ ተሸካሚዎች ጆንያ በጫንቃቸው አድርገው ሕዝቡን እየሰነጠቁ ያልፉ ነበር፤ ደላላው በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ ጎህ ሳይቀድ ዋጋ ያስቆርጥ ነበር። የኢትዮጵያ እግር ኳስ አንጋፋ ክለብም የተወለደው ከዚህ ገበያ ርቆ አይደለም፤ እዚያው አራዳ ነው። የዚያ ዘመን ልጆች ቡድን ሲያቋቁሙ ወኪልም ደላላም፣ የፊርማ ገንዘብም የዝውውር መስኮትም አልነበረም። ተጫዋች የሚፈለገው በስሙ ተጠርቶ ነበር። የኋላ ኋላ ግን ክለቦቻችን ለአንድ በረኛ ሲሉ ድንበር ተሻግረው ዶላር እስከ መቁጠር ደረሱ። ከስም ጥሪው ዘመን እስከ ዛሬ ያለው መንገድ ወደ ዘጠና ዓመት ይጠጋል።

የሰፈር ልጆች ዘመን

ጊዜው ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር ከሰሜን እየገፋ በነበረበት በዚያ ክፉ ወቅት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች የአራዳን ልጆች አሰባስበው ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። እስከዚያ ድረስ በከተማዋ ቡድን ይዘው የሚጫወቱት በአብዛኛው አርመኖች፣ ግሪኮችና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጅማ የተወለደው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ቡድኑን ተቀላቀለ፤ ዕድሜው ገና አሥራ አራት ገደማ ነበር። ይህ ልጅ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለዚያው ክለብ ተጫውቷል። በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት መርቷል።

ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ የክለቡን ስም ነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አለው። ስሙ ቢነጠቅም ልጆቹ አልተበተኑም። ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲጀመር አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። በዚያ ዘመን ተጫዋች ቡድኑን የሚመርጠው በዘሩና በሰፈሩ ነበር። አርመን አራራት ይገባል፤ የአራዳ ልጅ ጊዮርጊስ ይገባል። ከአንዱ ወደ ሌላው በገንዘብ መሄድ የሚባል ነገር በማንም አእምሮ ውስጥ አልነበረም።

በረኛውስ? በሰፈር ጨዋታ በር የሚቆምበትን ልማድ ኳስ ተጫውቶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ድንጋይ ተቀምጦ በር ይሆናል። አብዶ የሚሠራው ልጅ ፊት ይሰለፋል፣ ሯጩ ክንፍ ይይዛል፣ የተረፈው «አንተ በር ቁም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ወይም ኳስ የማይሆንለት ልጅ ነው። ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወደፊት የምናየው ችግር ሥሩ እዚያ ሁለት ድንጋይ መካከል ነው፤ በረኝነትን የመረጡት ሳይሆን የተረፉበት ቦታ አድርገን አሳደግነው።

የፋብሪካው ደመወዝ

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተጫዋችን ከሰፈሩ የሚያስነሳ አዲስ ኃይል መጣ፦ ሥራ። ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ቡድን ሲያቋቁሙ ጥሩ ተጫዋችን የሚስቡት በወር ደመወዝ ነበር። ከሁሉም ጎልቶ የወጣው የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ሕዝቡ «ኮተን» የሚለው ነው። አስመራ ተወልዶ አስመራ ኳስ የጀመረው ሉቻኖ ቫሳሎ ድሬዳዋ ወርዶ ኮተንን ለበሰ፤ ወንድሙ ኢታሎም እንዲሁ። ኮተን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። የዛሬን ቃል ብንዋስ፣ ይህ የአገራችን የመጀመሪያው ትልቅ «ዝውውር» ነበር ማለት ይቻላል።

ፍሬውም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ታየ። በይድነቃቸው ተሰማ የተመራው ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባው ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ገጠመ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ፣ ሉቻኖ በ84ኛው አገቡ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። በር ላይ የቆመው ጊላሚካኤል በተጨማሪው ሠላሳ ደቂቃ ምንም ጎል አልገባበትም። ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀና ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ስለዚያ ቀን ሲወራ የሚነሱት አግቢዎቹ ናቸው፤ ግብ ጠባቂው ብዙም አይነሳም።

በደርግ ዘመን የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ቡድን ሥርዓት ይበልጥ ተጠናከረ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ በቢራ ፋብሪካ ስም እስከ መጫወት ደረሰ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ኢትዮጵያ ቡና የምንለው ክለብ ቡና ገበያ ሆኖ ተቋቋመ። ተጫዋች የሚቀጠረው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት ሜዳ። ውል የሚባለው ነገር የመንግሥት ሥራ ደብዳቤ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የሴካፋን ዋንጫ ከዚምባብዌ ጋር በፍጹም ቅጣት ምት ተለያይታ ስትወስድ፣ አገሩ በሙሉ በጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ድምፅ ተይዞ ጨዋታውን ሲከታተል፣ የተጫዋች ገበያ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም።

ነጻ ተጫዋች የሚለው ነገር ከየት መጣ

ገበያው የተፈጠረው በሌላ አገር፣ በሌላ ስፖርት ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል አንድ ተጫዋች አንድ ጊዜ ለቡድን ከፈረመ ቡድኑ እስኪሸጠው ወይም እስኪያሰናብተው ድረስ የእሱ ንብረት ነበር፤ ውሉ ቢያልቅም መሄድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1969 ከርት ፍላድ የተባለ ተጫዋች ሴንት ሉዊስ ወደ ፊላዴልፊያ ሲያዛውረው «እኔ የሚሸጥ ዕቃ አይደለሁም» ባይ ሆኖ እንቢ አለ፤ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 ተረታ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በታኅሣሥ 1975 ፒተር ሳይትስ የተባለ ገላጋይ ዳኛ ለሁለት ወርዋሪዎች፣ ለአንዲ ሜሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ነጻ ሆኖ ከፈለገው ቡድን ጋር መደራደር ጀመረ። በአውሮፓ እግር ኳስ ደግሞ ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 በአውሮፓ ፍርድ ቤት ያገኘው ፍርድ ያንኑ በር ከፈተ።

ቤዝቦልን ለዚህ ታሪክ ቅርብ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ቡድኑ እየመራ ጨዋታው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ውጤቱን እንዲዘጋ ብቻ የሚገባ አንድ ወርዋሪ አለ። እንደ እኛ በረኛ፣ ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው የለም። እሱ ከሳተ ሁሉም ይፈርሳል። አሜሪካውያን ክለቦች በየክረምቱ እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት ነጻ የወጡትን ሲያሳድዱ ይከርማሉ። ይሁንና በዚያ ሥራ በታሪክ የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው ማሪያኖ ሪቬራ ከገበያ የተገዛ አልነበረም። የፓናማ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበር። ኒው ዮርክ ያንኪስ እ.ኤ.አ. በ1990 በጥቂት ሺህ ዶላር አስፈረመው፤ በታችኞቹ ቡድኖች አምስት ዓመት አሳድጎ በ1995 ወደ ዋናው ቡድን አወጣው። ከዚያ እስከ 2013 ሌላ ማልያ ሳይለብስ 652 ጨዋታዎችን ዘግቷል። ይህ ምሳሌ ወደ እኛ በረኞች ስንመለስ ይጠቅመናል።

የፊርማ ገንዘብ

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ተጫዋች ቀስ በቀስ የውል ተጫዋች ሆነ። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል፣ ከውሉ ጋር የሚከፈል «ፊርማ» የሚባል ገንዘብ፣ ከዚያም የወር ደመወዝ። ውሉ አጭር ስለሆነ ክረምት በገባ ቁጥር የሊጉ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ነጻ ናቸው። ክለብ ለክለብ የዝውውር ክፍያ የሚከፈልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለተጫዋቹ ይሄዳል። ስለዚህም ክለብ ወጣት አሳድጎ ቢሸጥ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ኮትኩቶ ያሳደገው ልጅ ውሉ ባለቀ ማግሥት በባዶ ይሄድበታል። ይህ አንድ ነጥብ ለብዙ ነገር መልስ ነው፤ ክለቦቻችን ለታዳጊ ቡድን እጃቸው የሚያጥረው ልጁን ጠልተው አይደለም፣ የሚያሳድጉት ለጎረቤት ስለሆነ ነው።

በክረምቱ ወራት የስፖርት ወሬ ሁሉ ዝውውር ይሆናል። ማን የት ፈረመ፣ ማን ውሉን አራዘመ የሚለው ከኤፍ ኤም ሬዲዮው ወደ አትክልት ተራ ተሸካሚዎችና ወደ መርካቶ ሱቆች ይወርድ ነበር፤ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ በካሮት ክምር አጠገብ ቆሞ ይከራከር ነበር። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡና በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት ሊጉን ሲወስድ የክርክሩ ሚዛን ወደ ቡናማዎቹ አደላ። ፈረሰኞቹ የሚባሉት ጊዮርጊሶች ዝም ብለው ሊቀመጡ አልቻሉም።

ከኡጋንዳ የመጣው በረኛ

እ.ኤ.አ. በ2011 ቅዱስ ጊዮርጊስ ኡጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንግካራን አስፈረመ። በአገሩ ብሔራዊ ቡድን ከዴኒስ ኦኒያንጎ ጀርባ ተጠባባቂ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን አንደኛ ሆነ። ረጅም፣ በአየር ላይ ኳስ የማይሸሽ፣ ከተከላካዮቹ ጋር ጮክ ብሎ የሚነጋገር በረኛ ነበር። ጊዮርጊስም ወዲያው በ2004 ዓ.ም. ዋንጫውን መለሰ። ኦዶንግካራ እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ክለቡ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. አራት ተከታታይ የሊግ ዋንጫ ወሰደ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኮንጎውን ሊዮፓርድስን ጥሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገባ፤ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከኤስፔራንስና ከቪታ ክለብ ጋር ተደለደለ።

ክለቡ ያደረገው ነገር ትክክል ነበር። ዋንጫ ፈለገ፣ ለዋንጫ የሚሆን በረኛ አገኘ። ኦዶንግካራም ለተከፈለው ሁሉ ሠርቷል። ዋጋው የታየው በሌላ ሜዳ ላይ ነው።

ጥር 13 ቀን 2005

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ወደ ደቡብ አፍሪካ የወሰዷቸው ሦስት በረኞች ጀማል ጣሰው ከኢትዮጵያ ቡና፣ ሲሳይ ባንጫ ከደደቢት እና ዘሪሁን ታደለ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ። ዘሪሁን በክለቡ የኦዶንግካራ ተጠባባቂ ነው። የአገሪቱ ትልቁ ክለብ ለብሔራዊ ቡድኑ ያበረከተው በረኛ በሳምንቱ መጨረሻ ጨዋታ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን፣ ልክ የ1954ቱ ዋንጫ በተወሰደበት ዕለት፣ በኔልስፕሪት ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ሆነ። ስታዲየሙ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተሞልቷል። ሰላዲን ሰኢድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ምዌኔ አወጣበት። ብዙም ሳይቆይ የዛምቢያው ሉንጉ ከተከላካዮች ጀርባ ሲያመልጥ ጀማል ከበሩ ወጥቶ ሮጠ። ኳሱን ለማግኘት ዘሎ እግሩን ከፍ አደረገ፤ ያገኘው ግን ሰውየውን ነው። ቀይ ካርድ። የመጀመሪያው አጋማሽ ገና አላለቀም፤ ኢትዮጵያ በአሥር ሰው ቀረች። ጀማል አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ዘሪሁን ጓንቱን አጥልቆ ገባ። ዛምቢያ ከዕረፍት በፊት አገባች፤ አዳነ ግርማ በሁለተኛው አጋማሽ አቻ አደረገ። አሥር ሰዎች ሻምፒዮኑን በአንድ ነጥብ አቆሙት፤ ያን ምሽት አዲስ አበባ አልተኛችም።

ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር በሩስተንበርግ የተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ባዶ ለባዶ ነበር። ቪክቶር ሞሰስ የመጀመሪያውን ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። መጨረሻው ላይ ሲሳይ ባንጫ ሞሰስን ጣለ፤ ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ቀይ ካርድም። ቅያሬው አልቋል። አማካዩ አዲስ ሕንፃ የበረኛ ማልያና ጓንት ለብሶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ቆመ፤ ሞሰስ አገባበት። በአንድ ውድድር በሦስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ ወጥቶ በመጨረሻ አማካይ በር የጠበቀለት አገር ብዙ አያጋጥምም። ጀማልና ሲሳይ በስሜት ተሳሳቱ እንጂ አልሰነፉም። ከእነሱ ስህተት ይልቅ የሚያሳስበው ከኋላቸው የነበረው ቁጥር ማነሱ ነው፤ በከፍተኛ ደረጃ በየሳምንቱ የሚጫወቱ ኢትዮጵያውያን በረኞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ሁሉም በር ላይ እንግዳ

ከዚያ ውድድር በኋላ ክለቦች የተማሩት ግን ተቃራኒውን ነው። ጊዮርጊስ በኦዶንግካራ ዋንጫ ሲደራርብ ያዩ ክለቦች ሁሉ የውጭ በረኛ መፈለግ ጀመሩ። በ2010 ዓ.ም. ገና ከከፍተኛ ሊግ ያደገው ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሆነ፤ በሩ ላይ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2009 ከጋና ጋር የዓለም ከ20 ዓመት በታች ዋንጫን የወሰደው ዳንኤል አጄይ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ መቀለ 70 እንደርታ ሄደ፤ በረኛው የኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አገሩ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ሰው። የሁለቱም ቡድኖች አሠልጣኝ አንድ ሰው ነበር፦ ገብረመድኅን ኃይሌ።

ጊዮርጊስም ኦዶንግካራን ሸኝቶ ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን አመጣ። ሰኔ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ማታሲ ለኬንያ ተሰልፎ የሳዲዮ ማኔን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያድን የፈረሰኞቹ ደጋፊዎች በየካፌው ተነስተው አጨበጨቡ፤ ምንም እንኳ ሴኔጋል በኋላ 3 ለ 0 ብታሸንፍም። የእኛ ሊግ ለጎረቤቶቻችን ብሔራዊ ቡድን በረኛ ማሠልጠኛ ሆኖ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲወስድ በሩን የጠበቀው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጊዮርጊስ በዘሪሁን ሸንገታ መሪነት ዋንጫውን ሲመልስ ኡጋንዳዊው ቻርለስ ሉክዋጎ ነበር። ከ2006 እስከ 2014 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ሁሉ በሩን ያስረከበው ለውጭ አገር ሰው ነው።

ይህ ለአጥቂ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር። አንድ ቡድን ሦስት አራት አጥቂ ያሰልፋል፣ ይቀያይራል፤ ወጣቱ የመጨረሻዎቹን 20 ደቂቃዎች ገብቶ ይማራል። በረኛ ግን አንድ ነው፤ ካልተጎዳ ወይም ካልተባረረ አይቀየርም። በዚያን ጊዜ 16 ክለቦች በነበሩበት ሊግ ለ110 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው 16 የበረኛ ቦታ ብቻ ነው። ስድስት ሰባቱን እንግዳ ከያዘው ኢትዮጵያዊ በረኛ ሊያድግበት የሚችለው ሜዳ ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ይጠባል። በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ተክለማርያም ሻንቆ በሦስቱም ጨዋታ በር ሲጠብቅ፣ ከኋላው የሚፎካከሩት በረኞች ምን ያህል የሊግ ደቂቃ እንደነበራቸው ያሰበ ሰው ትንሽ ነበር። ይህን ያዩ የስፖርት ሰዎች የውጭ በረኞች ይከልከሉ ብለው ተከራከሩ። ሰውን በዜግነቱ መከልከል መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም። መጠየቅ ያለበት ወጥቶ የሚገዛው ክለብ ነው።

ጣሪያው፣ ቴሌቪዥኑና ጃንሜዳ

ገበያው እየጋለ ሲሄድ ክለቦቹ ራሳቸው ደነገጡ። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ገቢ ሳይኖር ወጪው ያድጋል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በቢሾፍቱ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ከጣሪያው በላይ በጎን ይከፈላል የሚለው ወቀሳ ግን አልተቋረጠም። ዋጋን በወረቀት ማሰር ይቻላል፤ እጥረትን ግን በወረቀት ማጥፋት አይቻልም። ጥሩ በረኛ ብርቅ እስከሆነ ድረስ ዋጋው ከየትም ሾልኮ ይወጣል።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሊጉን አቆመው፤ ውድድሩም ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። በዚያው ሰሞን አትክልት ተራ መጨናነቁ ለበሽታው አስጊ ነው ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ስታዲየም ከመሠራቱ በፊት የአራዳ ልጆች ኳስ ያባረሩበት ያ ሰፊ ሜዳ የሽንኩርት ጆንያና የጎመን ክምር ሞላበት፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጉልበት ደረሰ። ገበያው ለጥምቀት በዓል ሜዳው እንዲጸዳ ተብሎ በ2013 ዓ.ም. ከዚያም ተነስቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። የአዲስ አበባ ታዳጊዎች ከሚጫወቱባቸው ጥቂት ክፍት ሜዳዎች አንዱ ለወራት ተዘግቶ የከረመው እንዲህ ነው። ለሕዝብ ጤና የተደረገ ነበርና ማንም አይወቅሰውም። ቢሆንም የከተማዋን ሜዳዎች አንድ ባንድ ለሕንፃና ለመኪና ማቆሚያ ያስረከብንበትን ዓመታት ስናስብ፣ በረኛ የሚበቅልበት አፈር ምን ያህል እንደሳሳ እንረዳለን።

በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ራሳቸው ክለቦቹ በአክሲዮን ማኅበር ማስተዳደር ጀመሩ። ከመልቲቾይስ ጋርም ለአምስት ዓመት ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ የቴሌቪዥን ስምምነት ተፈረመ። በየሳምንቱ ጨዋታው በዲኤስቲቪ ሲታይ የበረኛ ስህተትም ችሎታም በድጋሚ ምስል ለሁሉም ተጋለጠ። ይህ ለወጣት በረኞች ከባድም ጠቃሚም ነበር፤ ቢያንስ የሚታዩበት መድረክ አገኙ።

ወደ ቤት መመለስ

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ሻምፒዮንነቱን ሲያስጠብቅ ከሉክዋጎ ጀርባ የነበረው ባህሩ ነጋሽ ተራውን አገኘ። ዘሪሁን ታደለ ከአሥር ዓመት በፊት ያላገኘውን የሊግ ደቂቃ እሱ አገኘ፤ ቀጥሎም የፈረሰኞቹን በር ተረከበ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በረኛው ኢትዮጵያዊው አቡበከር ኑራ ነበር። አሠልጣኙስ? ገብረመድኅን ኃይሌ። በጋናዊ በረኛ ጅማን፣ በኢኳቶሪያል ጊኒ በረኛ መቀለን ያነገሠው ያው ሰው ሦስተኛውን ዋንጫ በአገሩ ልጅ አነሳ። አሠልጣኙ አልተለወጠም፤ ኢትዮጵያዊ በረኛ ዋንጫ አያስገኝም የሚለው እምነት ግን በዚያ ዓመት ከሥሩ ተናጋ።

የዘጠና ዓመቱ ጉዞ የሚያስተምረን ይህን ነው። የሰፈር ልጆች ዘመን ፍቅር ነበረው፣ ሥልጠና አልነበረውም። የፋብሪካው ዘመን ደመወዝ ሰጠ፣ ነጻነት አልሰጠም። የዝውውሩ ዘመን ተጫዋቹን ነጻ አወጣ፤ ነጻነቱም መብቱ ነውና ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ነገር ግን ክለቦች የደረሰ ቲማቲም ከአትክልት ተራ እየገዙ ችግኝ መትከል የረሱበት ዘመንም ሆነ። የበሰለው ዛሬ ይበላል፤ ነገ ግን ተመልሶ መግዛት ነው።

መሥራት ያለብን ደግሞ ከአቅማችን በላይ አይደለም። እያንዳንዱ የሊጉ ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ ራሱን የቻለ የበረኛ አሠልጣኝ ይቅጠር፤ የአንድ ተጫዋች የዓመት ደመወዝ ለዚህ ይበቃል። ልጅ አሳድጎ ለሌላ ያስረከበ ክለብ የማሳደጊያ ካሳ የሚያገኝበት ደንብ በወረቀት ብቻ ሳይቀር ይሥራ፤ ያኔ ማሳደግ ኪሳራ መሆኑ ይቀራል። የሃያ ዓመት በረኛ አንድ ጎል ስለተቆጠረበት በማግሥቱ ወንበር ላይ አይቀመጥ፤ ሪቬራን ያፈራው የአምስት ዓመት ትዕግሥት ነው። በየሰፈሩም የሚያሠለጥኑ ወንድሞቻችን በጣም ረጅሙንና ደፋሩን ልጅ ገና በአሥር ዓመቱ ለይተው በር እንዲቆም ያሳምኑት፤ ጓንት ይግዙለት፣ በስሙ ያወድሱት።

የውጭ በረኛ ወደፊትም ይመጣል፤ ይምጣ። ኦዶንግካራም ማታሲም ሊጋችንን አሳድገዋል። ግን እሱ የሚመጣው ከተዘጋጀ ኢትዮጵያዊ ጋር ተፎካክሮ ቦታ ለማግኘት መሆን አለበት፤ ባዶ በር ለመሙላት መሆን የለበትም። ቀጣዩ የዋሊያዎቹ በረኛ አሁን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ድንጋይ መካከል ቁም ተብሎ ቆሟል። ክለቦቻችን ፍለጋውን ከእሱ ይጀምሩ።